አየሩን ብቻ ቁረጪ

ፕሬይ ክሌያ መንደር፣ ታኬዎ
ኦክቶበር 8 ቀን 2011

ለልጄ ለፒርኮ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ከወር በላይ ሆነው። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። እጄን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ገጽ መጻፍ አንድ ክንድ ሐር ከመሸመን የበለጠ ይፈጅብኛል። ይቅር በይኝ።

አገራችሁ ቀኑ እያጠረ መሆኑን ጽፈሻል። እዚህ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። እናንተ የቆፈራችሁት ጉድጓድ ውኃው ጥሩ ነው። እጀታው ግን ሲጫኑት ይጮኻል። የልጆቹ አባት ቅባት በቀባው ቁጥር "ፒርኮ ይህን ብትሰማ ታለቅስ ነበር" ይላል።

የሙታንን በዓል ዘንድሮ እንዴት እንደምናከብር ጠይቀሻል። እንደ ሁልጊዜው ነው። አሥራ አምስቱንም ቀን ፓጎዳ ሄጃለሁ። ከሌላው ዓመት የበለጠ ሩዝ ይዤ ነበር። አንቺን አንስተው ሳቁ። ለሙታን የሚወረወረውን የሩዝ ድብልብል ከሣህኑ አንስተሽ "ጣፋጭ ነው" እያልሽ የበላሽበትን ቀን ማንም አልረሳውም። ጎረቤታችን ሚንግ ራይ "ነጯ መንፈስ ዘንድሮ ቀረች፤ ለዚህ ነው ሩዙ የተረፈው" አለች።

እህትሽ ማሊስ ለምን እንደማትጽፍልሽ ደጋግመሽ ጠይቀሻል። ማሊስ ደህና ናት። እርጉዝ መሆኗን ራሷ ጽፋልሽ የለ? አሁን ሆዷ ከብዷል። ቁጭ ብሎ መጻፍ ይደክማታል። ጥሬ ማንጎ በጨውና በቃሪያ ካላገኘች ቤቱን ታምሳለች። "ሕፃኑ ነው የሚጠይቀው፣ እኔ የለሁበትም" እያለች ታሾፋለች። ባሏ ቬስናም ደህና ነው።

ፎቶግራፍ ላኪ ብለሽኛል። የታናሽ እህቷ የራቻና ስልክ ውኃ ገብቶበታል። ሲጠገን እናያለን።

ለራቻናም የጋብቻ ጠያቂ መጥቶላታል። ገና አልተወሰነም። ሲወሰን እጽፍልሻለሁ።

አሁንም "ሚንግ" እያልሽ ትጽፊልኛለሽ። እኔ አክስትሽ አይደለሁም። በማሊስ ሠርግ አበባውን ከተቀበልሽ ወዲህ እናትሽ ነኝ። ስንቴ ልንገርሽ?

ኔም


ኦክቶበር 10 ቀን 2011
ይህ አይላክም

ፒርኮ፤

ያንን ደብዳቤ ትናንት ራቻና በሞተር ወደ ፖስታ ቤት ወሰደችው። ከዘንባባዎቹ ኋላ ስትሰወር ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር።

ማሊስ ሞታለች። ኦገስት 21 ቀን፣ እሑድ።

በወረቀት ላይ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ስሟን ስጽፍ እጇ እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል። እኔ ልጅ በነበርኩበት ዘመን በመንደራችን ትምህርት ቤት አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው ከአንቺ ጎን ቁጭ ብዬ፣ በአንድ ሰሌዳ፣ እኔ የራሴን ቋንቋ አንቺ የሰው ቋንቋ መጻፍ የተማርነው። "እማ አንደኛ ወጣሽ፣ ፒርኮ ሁለተኛ" ትለን ነበር። ሌላ ተማሪ አልነበረም። አንቺ ደግሞ ሁለተኛ በመውጣትሽ ከልብሽ ትናደጂ ነበር።

ስለ ማንጎው የጻፍኩልሽ ውሸት አይደለም። ጁላይ ላይ እንደዚያ ትበላ ነበር፤ እንደዚያም ትል ነበር። የቀየርኩት ወሩን ብቻ ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሞተች በአሥረኛው ቀን ነው። "ማሊስ እንዴት ናት? ሆዷ ታየ?" ይላል። እዚህ ስሟን በፊቴ የሚያነሳ የለም። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ወሬ ያቆማሉ። የልጆቹ አባት ጭማቂ ከሚቀዳበት ዘንባባ ላይ ወርዶ ይበላና ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ዓለም ላይ "ሆዷ ታየ?" ብሎ የሚጠይቀኝ አንቺ ብቻ ነሽ። በአንቺ ወረቀት ውስጥ ሆዷ እየገፋ ነው። አንዴ ልመልስልሽ ብዬ ነው። አንዴ ብቻ።

ፎቶውንም የከለከልኩሽ ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ራሴን ተላጭቻለሁ። ቬስናም ተላጭቷል፤ ተላጭቶ አንድ ወር በፓጎዳ ተቀመጠ፤ አሁን እናቱ ዘንድ ሄዷል። ሦስት ዓመት አብረሽን ኖረሻል፤ አንድ ፎቶ ብታዪ ሁሉንም ታውቂ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በሰባተኛው ቀን ለመነኮሳቱ ምግብ ሲሠራ ሚንግ ራይ ድስቱን እያማሰለች ስታወራ ሰማኋት። "ለሐዘን እንጂ ለሠርግ ጸጉር ከምር ይቆረጣል እንዴ? ሙሽራዋን ያን ቀን አይደል የጨረሷት?" አለች። እዚያው ቆሜ ነበር። መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያን ቀን ወዲህ የመቀሱ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ታስታውሻለሽ? የፍራፍሬው ሰልፍ አልፎ፣ ሙሽሮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሽማግሌው አቻር ኡክ ሥርዓቱን እየመራ፣ ሁላችንም በተራ መቀሱን ይዘን በጸጉራቸው ዙሪያ ቀጭ ቀጭ እያደረግን አለፍን። ክፉውን ዕድል ነው የምንቆርጠው፤ ጸጉሩን ማንም አይነካም። ያንቺ ተራ ሲደርስ አቻር ኡክ "አየሩን ብቻ ቁረጪ" አለሽ። አንቺ የሰማሽው የመጨረሻውን ቃል ነው። ተንበረከክሽ። የጉድጓድ ጥልቀት ስትለኪ እንደምታደርጊው አንድ ዓይንሽን ጨፈንሽ። ከዚያ ከግራ ጆሮዋ ኋላ ጣት የሚያህል ጸጉር ቀጭ!

ከበሮ መቺው ቆመ። ዘፋኙ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አቻር ኡክ "ሠላሳ ዓመት ሠርግ መርቻለሁ…" ብሎ ቀሪውን አጣው። አንቺ ጸጉሩን ይዘሽ ፊትሽ እንደ ሎሚ ገረጣ። መጀመሪያ የሳቀችው ማሊስ ናት። "እትዬ ፒርኮ፣ ጸጉሬን ውሰጂው፤ ጆሮዬን ግን ተይልኝ፤ ሙሽራው ቆጥሮ ነው የሚረከበኝ!" አለች። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ኳሏ በእንባ ታጥቦ ኳይዋ እንደገና ኳለቻት።

እኔም ሳቅኩ። አሁን ሳቄን ሳስታውሰው ያመኛል።

ይህን ወረቀት ከሐሩ ጥቅል ሥር አስቀምጠዋለሁ።


ኦውሉ፣ ፊንላንድ
ኖቬምበር 27 ቀን 2011

ለተከበሩ ሚንግ ኔም፤

ተንበርክኬ ሰላም እላለሁ። እዚህ ቦታ ላይ መንበርከክ የማያስፈልግ ከሆነ ቆሜ። ጽሑፌ እንደ እናንተ ጉድጓድ እጀታ ይጮኻል፤ የምታርመኝ ማሊስ አጠገቤ የለችም። ስህተቶቹን ሁሉ አስቀምጡላት፤ ሕፃኑ ሲተኛ ታርማቸው።

ስለ ሠርጉ የጻፉልኝ አጭር ደብዳቤ ደርሶኛል። ማርች! ፈቃድ ጠይቄ ተሰጠኝ። እመጣለሁ። አለቃዬ "እዚያ ምን አለሽ?" አለኝ። "ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው" አልኩት። ፊቴን አየ፣ ሌላ አልጠየቀም።

ከዚህ ጋር ያለው ነገር ኮፍያ ነው። አዎ፣ ሱፍ ነው። ሚንግ ራይ ከመሳቋ በፊት እኔ ራሴ ስቄያለሁ። እዚህ ሕፃን ያለ ኮፍያ ከቤት አይወጣም። ሌላ ነገር በእጄ መሥራት አላውቅም፤ ጉድጓድ ደግሞ በፖስታ አይላክም። ጃንዋሪ ላይ ሲወለድ ምናልባት አንድ ቀን ቀዝቀዝ ቢል ታደርግለታለች። ካልቀዘቀዘ ማንጎ ትያዝበት።

ብዙ ጊዜ የማስበው ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ሙሽራዋ የምትሰጠው የአሬካ ዘንባባ አበባ። አንዱ ለእናት፣ አንዱ ለአባት፣ ሦስተኛው ለታላቅ እህት ወይም ወንድም። ማሊስ ታላቅ ስላልነበራት እኔን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ሦስተኛውን ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ምን እንደተቀበልኩ አላወቅኩም ነበር። ጌጥ መስሎኝ "አመሰግናለሁ፣ ያምራል" አልኩ፤ ሰዎችም ሳቁ። አሁን በራቻና ሠርግ እዚያ ቦታ ላይ ማሊስ ትቀመጣለች፣ ሕፃኑን ታቅፋ። እኔ ከኋላ ሆኜ ላያት ነው የምመጣው።

ለአቻር ኡክ ንገሩልኝ፦ መቀስ አልነካም።

የእርስዎ ፒርኮ


ፕሬይ ክሌያ
ጃንዋሪ 6 ቀን 2012

ፒርኮ፤

ኮፍያው ደረሰ። ራቻና ከፖስታ ቤት አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። "ዛሬ ትጽፊላታለሽ፤ አለዚያ እኔ እጽፍላታለሁ፤ እኔ ደግሞ ከአንቺ ፈጥኜ እጽፋለሁ" አለችኝ። ልጅ ለእናቷ እንዲህ አይናገርም። ግን እውነቷን ነው። አራት ወር ሙሉ አፏን ያዘጋኋት እኔ ነኝ።

ማሊስ ሞታለች። ኦገስት 21 ቀን ነው። የትንኝ ትኩሳት ያዛት፤ አራተኛውን ቀን አላለፈችም። የአራት ወር እርጉዝ ነበረች። ታኬዎ ሆስፒታል ነው ያረፈችው። አቃጥለናታል። መቶኛው ቀንም አልፏል።

በጻፍኩልሽ ደብዳቤዎች ዋሽቼሻለሁ። ለምን እንደሆነ የጻፍኩት ሌላ ወረቀት አለ፤ አሁን አልልከውም። ፊትሽ ተደፍቼ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ሰው የሚለውን ልደብቅሽ አልፈልግም፤ መደበቅ በቃኝ። በመንደሩ ስለ ጸጉሩ ይወራል። እኔ አልልም። ወሬው ግን ለራቻና እጮኛ ቤተሰብ ደርሷል፤ እናቱ "ያቺ የውጭ አገር ሴት ትመጣለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ቲኬት ቆርጠሽ እንደሆነ አላውቅም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራም አለሽ። ባትመጪ የሚቀየምሽ የለም።

ሠርጉን ለሚቀጥለው ዓመት እናሳልፈው ብዬ ነበር። የእጮኛዋ አባት ታሟል፤ ልጁ ሲዳር ማየት ይፈልጋል። እንዲህ ሆነ።

ኮፍያው ቆንጆ ነው። ከማሊስ ፎቶ ፊት አስቀመጥኩት። ከሰዓት ስመለስ ድመቷ ውስጡ ተኝታ አገኘኋት። አላስነሳኋትም።

ኔም


ኦውሉ
ጃንዋሪ 29 ቀን 2012

ሚንግ ኔም፤

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩ። የማላውቀው ቃል ያለ መስሎኝ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። ቃሎቹን ሁሉ አውቃቸው ነበር።

"እኔ አልልም" ብለው ጽፈዋል። ገብቶኛል። አልመጣም። ለራቻና መልካም ቀን እንዲሆንላት እመኛለሁ፤ እኔ ባልኖር ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አለ፤ እርስዎ መደበቅ በቃኝ ካሉ እኔም አልደብቅም። ያን ቀን ጸጉሩን ምንጣፉ ላይ መጣል አሳፈረኝ። በእጄ ጨብጬው ቆየሁ። የምርቃቱ ቀይ ክር በእጃቸው ሲታሰር በዚያው እጄ ጨብጬው ነበር። ከዚያ ኪሴ ከተትኩት። መጣል አልቻልኩም። ሁለት ዓመት ሆነው፣ በፖስታ ውስጥ፣ እዚህ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ማሊስ ታውቃለች። ከመሄዴ በፊት ነግሬያት "ያዢልኝ፤ ስሸብት ትመልሺልኛለሽ" ብላ ነበር።

አሁን የእርስዎ ነው። በፖስታ ልላከው? ወይስ ክፉ ነገር ነው? ክፉ ከሆነ ምን እንደሚደረግ ይንገሩኝ፤ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ፒርኮ

ከዚህ ጋር ያለችውን ትንሽ ወረቀት ለብቻዎ ያንብቧት።


ፕሬይ ክሌያ
ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2012

ልጄ ፒርኮ፤

በፖስታ እንዳትልኪው።

ይህን ከላይ የጻፍኩት ሌላውን ሳትጨርሺ እንዳትሮጪ ነው።

ደብዳቤሽን ዓይኔ ደክሞ ራቻና ታነብልኝ ነበር። "ኪሴ ከተትኩት" የሚለው ላይ ስትደርስ ቀማኋትና ራሴ አነበብኩት። ደጋግሜ። ከማሊስ የቀረኝ ነገር የለም። አካሏን አቃጠልነው፤ አመዷ በፓጎዳው ነው። ማበጠሪያዋን ቬስና አብሮ እንዲቃጠል አደረገ፤ ሁለት ጸጉር እንኳ ተሰክቶበት ነበር፤ አይቼው ነበር፤ ስጠኝ ማለት አፈርኩ። ለካ አንቺ ዘንድ፣ በረዶው መሃል፣ መሳቢያ ውስጥ አለች። እኔ በልቤ ስረግመው የከረምኩት መቀስ ነው ያስቀረልኝ።

በትንሿ ወረቀት ስለጠየቅሽኝ ልመልስልሽ። ስንት ቀን ታመመች፣ መቼ ወሰዳችኋት ነው ያልሽው። ሌላ ሰው እንዲህ አልጠየቀኝም። ለልጆቹ አባትም አልነገርኩትም።

ሐሙስ ትኩሳት ያዛት። ነፋስ ገብቷታል አልኩ። ጀርባዋን በሳንቲም ፈተግኩላት፤ መስመሩ ቀይ ሆኖ ወጣ። ሲቀላ ነፋሱ እየወጣ ነው እንላለን። ዓርብ ጠዋት "እማ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ለኔ ሳይሆን ለሆዴ" አለችኝ። ቬስና ለሥራ ከተማ ነበር፤ ሞተሩን ደግሞ የልጆቹ አባት ሊያመጣው ይችል ነበር፤ ብጠራው ይመጣ ነበር። መሸመኛው ላይ የሐር ሽርጥ ነበረኝ። ነጋዴዋ እሑድ ትወስደዋለች፤ ቃል ገብቼላታለሁ። አንድ ክንድ ተኩል ቀርቶኝ ነበር። "ይህቺን ልጨርስና ነገ በጠዋት" አልኳት።

"እሺ" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ኖሮ እነሳ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ከኋላዬ ምንጣፍ ላይ ተኛች። እኔ መወርወሪያውን እወረውራለሁ፣ እሷ ትሰማለች። አንዴ ዓይኗን እንደጨፈነች "እማ፣ ማጉ ተበጠሰብሽ" አለችኝ። አየሁት፤ እውነቷን ነው፤ ተበጥሷል። በድምፁ ነው ያወቀችው። እንዲህ ያለች ልጅ ምን ያህል ልትታመም ትችላለች ብዬ ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስንወስዳት ከአፍንጫዋ ደም ይፈስ ነበር። ሐኪሙ "ትናንት ብታመጧት…" አለ። ከዚያ ፊቴን አየና "ትናንትም ቢሆን…" አለ። ሁለቱንም ጀመራቸው፣ አንዱንም አልጨረሰልኝም። የትኛውን እንደምይዝ እስካሁን አላወቅኩም።

ሽርጡን እሑድ ነጋዴዋ መጥታ ወሰደችው።

ከዚያ ሚንግ ራይ ስለ መቀሱ ስታወራ ሰማኋት። ዝም ያልኩት አምኛት አይደለም። ስላሳረፈችኝ ነው። ጥፋቱ የመቀሱ ከሆነ የመወርወሪያው አይደለም። የፒርኮ ከሆነ የእኔ አይደለም። "እኔ አልልም" ብዬ የጻፍኩልሽ ስድብ ነበር፤ አንቺም ስድብነቱ ገብቶሻል። ልጄ፣ ያን ቀን አንቺ ምንም አላጠፋሽም። አንድ ጸጉር ቆረጥሽ። እኔ አንድ ቀን ቆረጥኩባት።

ከኦገስት ወዲህ መሸመኛው ላይ አልተቀመጥኩም። ሸረሪት ድሩ ላይ ድሯን አድርታበታለች።

አሁን ነይ። ትናንት የእጮኛዋ እናት ስለ ቀኑ ልትነጋገር መጥታ ነበር።

"ያቺ ሴት ትመጣለች፤ የታላቅ እህት ቦታ የእሷ ነው" አልኳት።

"ጸጉር የምትቆርጠዋ?" አለችኝ።

"እሷው ናት።"

"መቀሱ ሲሰጣት እጇን ማን ይይዛል?"

"እኔ እይዘዋለሁ።"

ሻይዋን ጠጣች። ከዚያ "ሆዷን በዱሪያን ፍሬ ሞልተን እናስተኛታለን" አለች። ክፉ ሰው አይደለችም። ፍራት ነው።

ራቻና ደግሞ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበርና ጮኸች። "እትዬ ፒርኮ ካልመጣች ሦስተኛው አበባ መሬት ላይ ይቀመጥ! ለማንም አልሰጥም! ሠርጉም ይቅር!" አለች። አማቷ የምትሆነው ሴት እየሰማች ነው እንግዲህ። አሳፈረችኝ። ደስም አለኝ።

እንግዲህ ያንቺ ፈንታ ነው። የምትመጪ ከሆነ በእጅሽ አምጪያት። ልጄን አንዴ አዘግይቼ ከቤት አስወጥቻታለሁ። ስትመለስ ከማንም ዕቃ ጋር በከረጢት ተወርውራ እንድትመጣብኝ አልፈልግም።

ለማንም እንዳታሳዪ። ለሠርግ ቤት የሙት ጸጉር አይገባም፤ ይህን አውቃለሁ። አንቺ ግን ስለማታውቂ ይዘሽ ልትገቢ ትችያለሽ።

እናትሽ ኔም


ፕሬይ ክሌያ
ኤፕሪል 9 ቀን 2012

ልጄ ፒርኮ፤

በደህና መግባትሽን ከራቻና ስልክ ሰማሁ። ደብዳቤሽም ደረሰ። "እማ" ብለሽ ጀምረሻል። እንዲያው ሌላውን ሳላነብ ያንን ቃል ይዤ ብዙ ቆየሁ። ሁለተኛው ፊደል ላይ ስህተት አለ፤ እንዳታስተካክዪው።

በሠርጉ ስለታሰረልሽ ቀይ ክር ላስቀድም። ሦስት ቀን ካለፈው ከእጅሽ ማውጣት ትችያለሽ፤ እስካሁን አስረሽው ከሆነም ክፋት የለውም። ግን እንዳትቆርጪው። ፍቺው። ካልተፈታ በራሱ ይውደቅ።

ስለ ጸጉሩ። መነኩሴው ከአመዱ ጋር እንጨምረው ብለውኝ ነበር። "ገና ነኝ" አልኳቸው። አልተቆጡኝም። በነጭ ሐር ጠቅልዬ ከመሸመኛው ራስጌ አድርጌዋለሁ። ሸረሪቷን አስወጥቼ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እንደገና ተቀምጫለሁ። ቀስ እያልኩ ነው፤ ለማንም ቀን አልቆረጥኩም። ማጉ ሲበጠስ ወደ ኋላዬ እዞራለሁ። አንተ ልማድ፣ ምን ልበልህ።

የምትሄጂ ዕለት ፖስታውን ሰጥተሽኝ ስትነሺ፣ ብቻዬን ሆኜ ከፖስታው አውጥቼ አበጠርኩት። አልነገርኩሽም። ጣት የሚያህል ጸጉር ለማበጠር ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

የአበባውን ነገር ሰው አሁንም ያወራል። ራቻና ሦስተኛውን አበባ በሁለት እጇ ይዛ ሰገደችልሽ፤ አንቺም በሁለት እጅሽ ያዝሽ፤ ከዚያ ሁለታችሁም አልለቀቃችሁም። ሙዚቀኞቹ ዜማውን ጨርሰው ቢያዩ እንደዚያው ናችሁ፤ እንደገና ጀመሩት። አቻር ኡክ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሚንግ ራይ ጆሮዬ ሥር "አሁን ደግሞ አበባውን ልትበላው ነው" አለችኝ። ዞሬ ሳያት ግን እሷም እያለቀሰች ነበር። ፖስታው ልብስሽ ውስጥ፣ በልብሽ በኩል እንደነበረ ከኔና ከአንቺ በቀር ማንም አላወቀም። ቦታው ባዶ አልነበረም። ሁለታችሁም ተቀምጣችሁበት ነበር።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። በጸጉር መቁረጡ ላይ ለምን ፊቴን እንዳዞርኩብሽ ጠይቀሻል። "አሁንም አልማሩኝም ወይ?" ብለሽ ጽፈሻል። ይህን እያሰብሽ ያን ሁሉ መንገድ በአውሮፕላን ሄደሻል ማለት ነው። ይቅርታ። ያን ጊዜ መናገር አልቻልኩም ነበር፤ አሁን ሰው የለም፤ እጄም እንደፈለገው ይዘግይ።

ተራሽ ሲደርስ አቻር ኡክ መቀሱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ልጅ ቀስ አድርጎ አስረከበሽ። "አየሩን" አለሽ። ቆየና "አየሩን። አየሩን ብቻ" አለሽ። 'ቁረጪ' የሚለውን ቃል ጨርሶ ተወው። ሰው በሳቅ ወደቀ። "የሙሽራዋን ጆሮ ያዙላት!" የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። እጅሽን ልይዝ ቃል ገብቼ ስለነበር አጠገብሽ ተቀምጬ ነበር፤ መያዝ ግን አላስፈለገኝም። አንቺ አንድ ክንድ ሙሉ ርቀሽ፣ ክንድሽን ዘርግተሽ፣ ዓይኖችሽን ሁለቱንም ከፍተሽ፣ አየሩን ቀጭ አደረግሽ። ሰው አጨበጨበ። የሙሽራው እናት "ተምራለች! ተምራለች!" አለች። አንቺም ደስ ብሎሽ ወደኔ ዞርሽ። እኔ ያን ጊዜ ነው ፊቴን ያዞርኩት።

ስለ ማሊስ አይደለም። የራቻና ጸጉር እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ? ኳይዋ ገና ሳትሰበስበው፣ በትከሻዋ ላይ ወርዶ እስከ ምንጣፉ ደርሶ ነበር፤ ዘይት የተቀባ፣ ከባድ፣ ጥቁር። አንድ ልጅ ነው የቀረችኝ። መቀሱም ስል ነበር። ሁሉም ሰው በአንድ አፍ አየሩን፣ አየሩን ይልሻል፤ እኔ ግን አጠገብሽ ተቀምጬ፣ በልቤ፣ ቁረጪ፣ ልጄ፣ ከምር ቁረጪና ያዢልኝ እያልኩሽ ነበር።

እናትሽ ኔም